ለዳታም ሞዴል 19 ይቆረጥለት

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ካርቶን የፎቶ ኮፒ ወረቀት ሲገዛ ምን እንደሚደረግ እዚያ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ንብረት ክፍሉ ይቆጥራል። ከታዘዘው ጋር ያመሳክራል። የራሰውንና የተቀደደውን ይመልሳል። ከዚያ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ አስረካቢም ተረካቢም ይፈርማሉ። በዓመቱ ኦዲተር መጥቶ «ሃያ ገዝታችሁ ያለው አሥራ ስምንት ነው፤ ሁለቱስ?» ቢል የሚጠየቅ ሰው አለ።

እዚያው መሥሪያ ቤት፣ ከንብረት ክፍሉ ሁለት በር ራቅ ብሎ፣ የመቶ ሺህ ሰው ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የካሳ መጠን የያዘ ፋይል ወደ ዳታቤዝ ይጫናል። አንድ ባለሙያ ትእዛዙን ይሰጣል፤ ስክሪኑ ላይ «ተጠናቋል» የሚል ይመጣል፤ አለቀ። ስንት መስመር ተላከ? ስንት ገባ? ስንት ተመለሰ? የተመለሰውስ ለምን? ማንም አልቆጠረም፣ ማንም አልፈረመም። በማግስቱ ግን ፖርታሉ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይለጠፋል።

የምለው አጭር ነው። ሳይቆጠር የተጫነ ዳታ «ለሕዝብ ይፋ ሆነ» ሊባል አይገባም። ቆጥሮ ያልተረከበ መሥሪያ ቤት የፍለጋ ሳጥን ከፍቶ ለዜጋ «አልተገኘም» የማለት መብት የለውም።

«ይሄ የአይቲ ክፍል ጉዳይ ነው፤ እዚህ ቻናል ላይ ምን አመጣው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያመጣውማ ይኸው ነው። ቀድሞ ባለጉዳይ መዝገብ ቤት ሄዶ «ስምህ የለም» ሲባል ይከራከር ነበር። «እስቲ ሌላኛውን ፋይል እዩልኝ» ይል ነበር። አንዳንዴም የመዝገብ ቤቷ እናት አዝነው መደርደሪያውን ደግመው ያገላብጡለት ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» ካለ ክርክሩ እዚያው ይዘጋል። «ሲስተሙ የለህም ብሏል» ይባላል። ከሲስተም ጋር ማን ይከራከራል?

ስለዚህ ሲስተሙ «የለህም» የሚለው እንዴት እንደሆነ እንወቅ።

የመፈለጊያ ዳታቤዝ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደምናየው የቃላት ማውጫ ነው። እያንዳንዱን ቃል አስቀድሞ ይለቅምና በየትኛው መዝገብ ላይ እንዳለ ይጽፋል። እናንተ ስትፈልጉ የሚያየው ማውጫውን እንጂ ሰነዱን አይደለም። ፈጣን የሆነውም ለዚህ ነው። ማውጫው ውስጥ ያልገባ ነገር ግን ለፈላጊው የለም ማለት ነው፤ ዋናው ፋይል አንድ ቦታ በሰላም ተቀምጦ ቢሆን እንኳ። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መካከል ኢላስቲክሰርችና ሶልር ይገኛሉ። ሁለቱም ሉሲን በሚባል ሶፍትዌር ላይ የታነጹ ናቸው፤ ሳይከፍሉም መጠቀም ይቻላል። እንደኔ በግሉ የሚሠራ ጋዜጠኛ እንኳ ላፕቶፑ ላይ ሊጭናቸው ይችላል።

መሣሪያው ምን አቅም እንዳለው ለማየት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነውን የፓናማ ሰነዶች ምርመራ ማስታወስ ይበቃል። 11.5 ሚሊዮን ፋይል፣ 2.6 ቴራባይት። ከ370 በላይ ጋዜጠኞች ከየአገሩ ሆነው የፈለጉት ሶልር ላይ በተሠራ የፍለጋ ገጽ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣው የፓንዶራ ሰነዶች ደግሞ 11.9 ሚሊዮን ፋይል ነበረው፤ ከዚያ ውስጥ በሠንጠረዥ መልክ የተደራጀው 4 በመቶው ብቻ ነበር። ቀሪውን ኢሜይልና ፒዲኤፍና ምስል ጋዜጠኞቹና የቴክኒክ ሰዎቻቸው እየለቀሙ ሠንጠረዥ ለማድረግ ብዙ ለፍተዋል።

እኛ ጋ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሠንጠረዡ አለ። ኤክሴል ላይ ተሠርቶ፣ በዓምድ ተከፍሎ፣ ተደምሮ አለ። መሥሪያ ቤቱ ግን ያትመዋል፣ ማህተም ያሳርፍበታል፣ ስካን ያደርገዋል፣ ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል። የተደራጀ ዳታ ወደ ፎቶግራፍ ተቀየረ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የጨረታ አሸናፊዎችን ዝርዝር ጠይቄ ሠላሳ ገጽ ስካን ተሰጠኝ። ከሰጠኝ ሰው ፊት ያለው ስክሪን ላይ ያው ዝርዝር በኤክሴል ተከፍቶ ነበር። «ፋይሉን ብቻ ላክልኝ» ስለው «እሱማ ማህተም የለውም» አለኝ። ማህተሙ ያረፈበት የገንዘብ ቁጥር ደግሞ ጭራሽ አይነበብም።

ይህ የመጀመሪያው በደል ነው። ብዙ የተጮኸበት ስለሆነ አልመለስበትም። የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው የተላቀቁት፣ «ዲጂታል ሆነናል» የሚሉት መሥሪያ ቤቶች የሚወድቁበት እሱ ላይ ነው።

መቶ ሺህ መስመር አንድ በአንድ አይጫንም፤ በጥቅል ነው የሚላከው። ኢላስቲክሰርች ጥቅሉን ሲቀበል የሚመልሰው መልስ ውስጥ ትልቅ ወጥመድ አለ። ከጥቅሉ መስመሮች ግማሹ ቢወድቁ እንኳ ከላይ የሚታየው ምላሽ 200፣ ማለትም «ተሳክቷል» ነው። የወደቁት ከነምክንያታቸው የተዘረዘሩት ከሥር ነው፤ «ስህተት አለ» የሚል አንድ ምልክትም አብሮ ይመጣል። ያንን ዝርዝር ከፍቶ ያላነበበ ሰው ሁሉም የገባ ይመስለዋል። ሶፍትዌሩ አልዋሸም። «ጥቅሉን ተቀብያለሁ» ነው ያለው፤ «እያንዳንዱን መስመር ተቀብያለሁ» አላለም። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ጆንያውን ተቀብሎ ሲፈርም ውስጡ ያለውን ደብዳቤ ሁሉ አረጋገጠ እንደማይባለው ነው።

የሚወድቁት መስመሮች የማን ናቸው? ዕጣ የሚወጣባቸው እንዳይመስላችሁ። የሚወድቁት ከፈረንጅ ልክ ጋር የማይገጥሙት ናቸው፤ የእኛዎቹ።

ቀኑን ውሰዱ። አንድ ውሳኔ ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ተሰጠ እንበል፤ ፋይሉ ላይ 2015-13-03 ተብሎ ተጽፏል። ጫኙ ዓምዱን እንደ ቀን ከያዘው 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም፤ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል። ጥቅምት 30ም 02-30 ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እሱም ይወድቃል። በጳጉሜን ልደቱ የተመዘገበ፣ በጥቅምት መጨረሻ ውል የፈረመ ሰው ከመዝገቡ ወጣ። እነዚህ እንዲያውም ዕድለኞች ናቸው፤ ቢያንስ «ወደቀ» የሚል ዱካ ትተዋል። የካቲት 12 ቀን 2015 ተብሎ 2015-06-12 የተጻፈው ግን ያለ ምንም ቅሬታ ይገባል፤ ጁን 12 ቀን 2015 ሆኖ። እውነተኛው ቀን በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2023 ነበር። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተወረወረ። «ያለፉትን አምስት ዓመታት ብቻ አሳየኝ» ያለ ፈላጊ አያገኘውም።

መለያ ቁጥሩን ውሰዱ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን አሥር አሃዝ ነው፤ ብዙው በ00 ይጀምራል። ፋይሉ ኤክሴል ላይ ሲከፈት ፊት ያሉት ዜሮዎች ይበላሉ፤ እንደዚያው ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ የተጫነው ቁጥር ስምንት አሃዝ ነው። ነጋዴው ካርዱ ላይ ያለውን አሥር አሃዝ በትክክል ጽፎ ቢፈልግ «አልተገኘም»። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥርም እጣው ይኸው ነው።

ስሙን ውሰዱ። ለእያንዳንዱ መዝገብ ልዩ መለያ መስጠት የሰነፈ ባለሙያ ሙሉ ስሙን መለያ ያደርገዋል። አበበ ከበደ ተሰማ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ካሉ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካዋል። ስህተት አይመዘገብም፤ የወደቀ መስመር የለም። አንድ ሰው ግን ጠፋ። መለያ ጭራሽ ካልተሰጠ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ ያው ፋይል ሁለት ጊዜ ከተጫነ ሁሉም ሰው እጥፍ ይሆናል።

ፊደሉን ውሰዱ። «ኃይለሥላሴ» የሚለውን ስም ሰዎች እንዴት እንደሚጽፉት ቁጠሩ። የመጀመሪያው ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። «ሥ» ወይም «ስ»፤ «ሴ» ወይም «ሤ»። ሃያ አራት ሆነ። አያይዞ ወይም ለያይቶ መጻፉን ስትጨምሩ አርባ ስምንት፤ «ኃ/ሥላሴ» ብሎ ማሳጠሩን ገና አልቆጠርኩም። ኢላስቲክሰርች ለአረብኛ፣ ለቤንጋሊ፣ ለባስክ፣ ለጋሊሺያን ሳይቀር አብሮት የሚመጣ የቋንቋ ማስተካከያ አለው፤ ለአማርኛ የለውም። ሐመሩን ሐ እንደ ሃሌታው ሀ፣ ንጉሡን ሠ እንደ እሳቱ ሰ ቁጠርልኝ ብሎ አስቀድሞ ማዘዝ የጫኙ ሥራ ነው። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ካልታዘዘ በአባቱ ስም አጻጻፍ ምክንያት ሰው ከገዛ መዝገቡ ይጠፋል።

እንግዲህ ሶፍትዌሩን አትውቀሱ። ሶፍትዌሩ የተነገረውን አደረገ። የምወቅሰው «ተጠናቋል» የሚለውን አይቶ የተነሳውን ነው፤ ከእሱም በላይ «ቆጥራችኋል ወይ?» ብሎ ያልጠየቀውን ኃላፊ።

«ይሄ የድሃ አገር ችግር ነው» የሚል ካለ ወደ እንግሊዝ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ በተፋፋመበት ወቅት የላብራቶሪ ውጤቶች በሲኤስቪ ፋይል ይመጡ ነበር። የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ፋይሎቹን ወደ ማዕከላዊው ሥርዓት ለማስገባት በድሮው የኤክሴል ዓይነት ውስጥ ያሳልፋቸው ነበር። ያ ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ አይይዝም። ሲሞላ ትርፉ ዝም ብሎ ቀረ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ድረስ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጭ ሆኑ። ሰዎቹ ውጤታቸው ተነግሯቸዋል፤ ነገር ግን ከእነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን የሚያፈላልገው ክፍል በጊዜው አልደረሰውም። ከላብራቶሪ የወጣውን መስመርና ወደ ሥርዓቱ የገባውን መስመር ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚቆጥር አንድ ሰው ቢኖር ነገሩ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። ሀብታም አገር ነው፣ የተማረ ሰው ሞልቷል፤ ያልነበረው ቆጠራ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ የሆነውን አልረሳነውም። ዕጣው በአደባባይ ወጣ፤ ስንትና ስንት ቤተሰብ እልል አለ። በቀናት ውስጥ ወደ ሥርዓቱ የገባው መረጃ ላይ ችግር ተገኘ ተባለና ተሰረዘ። ሰዎች ታሰሩ፤ ዕጣው በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። እዚያ የተነሳው የማጭበርበር ክስ እንጂ የስንፍና አይደለም፤ የፍለጋ ሳጥንም አልነበረም። በሩ ግን ያው በር ነው፤ የተደራጀ ፋይል ወደ ሥርዓት የሚገባበት። ባንኩ «ቆጥበዋል፣ ብቁ ናቸው» ያላቸው ስንት ናቸው? ወደ ሶፍትዌሩ የገቡት ስንት ናቸው? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ጎን ለጎን ተለጥፈው ቢሆን ልዩነቱን ለማየት የኮምፒውተር ባለሙያ አያስፈልግም ነበር። መቀነስ የሚችል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይበቃ ነበር። ቆጠራ ስንፍናንም ሌብነትንም በአንድ ላይ ይይዛል። ምናልባት የማይወደደውም ለዚህ ይሆናል።

የሚነሱትን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ።

«አቅም የለንም» ይባላል። ቆጠራ ምን አቅም ይፈልጋል? የፋይሉን መስመር መቁጠር አንድ ትእዛዝ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ስንት መዝገብ እንዳለ መጠየቅም አንድ ትእዛዝ ነው። ሁለቱን ማነጻጸር ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አያደርስም። ለምርቃቱ ድንኳን፣ ለባነርና ለቲሸርት አቅም የነበረው መሥሪያ ቤት ለቆጠራ አቅም የለኝም ቢል አልቀበለውም።

«ዋናውን ፋይል ከሰጠን ሰዎች ቀይረው ያሰራጩታል፤ ማህተም ያለበት ፒዲኤፍ ነው የሚታመነው» ይባላል። ሁለቱንም አውጡ። ማህተም ያለበት ለሕጋዊ ማስረጃነት፣ ፋይሉ ለፍለጋ። በተጨማሪም ለፋይሉ የዲጂታል አሻራ አብራችሁ ለጥፉ፤ አንድ ፊደል ቢቀየር አሻራው ስለማይገጥም የተጭበረበረው ወዲያው ይለያል። እንዲያውም ስካን የተደረገን ማህተም በስልክ ቆርጦ ሌላ ወረቀት ላይ መለጠፍ ይቀላል።

«የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አለ» ይባላል። አዎ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የሰውን ስልክና የቤት ቁጥር አደባባይ አውጡ ያለ የለም። እኔ እየጠየቅሁ ያለሁት ስንት ተልኮ ስንት እንደገባ ነው። ቁጥር የማንም የግል ምስጢር አይደለም። ይልቅስ የሰውን መረጃ ሰብስቦ ማበላሸት፣ ቀኑን በሰባት ዓመት ማንሸራተት፣ ሁለት ሰውን አንድ ማድረግ ራሱ መረጃውን አለመጠበቅ ነው።

«መረጃ የማግኘት መብት በሕግ ተከብሯል፤ የጎደለ ካለ ይጠይቁን» ይባላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መብቱን ሰጥቶናል። ነገር ግን የጠፋ መስመር መኖሩን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? «ሲስተሙ የለም ብሏል» ተብሎ የተመለሰ ገበሬ የካሳ ዝርዝሩ ላይ ስሙ በ«ሐ» ተጽፎ ሳለ በ«ሀ» እንደተፈለገ በምን ያውቃል? መብቱ ወረቀት ላይ አለ፤ የሚሠራው ግን ዝርዝሩ ሙሉ መሆኑ ሲታወቅ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። አዲስ አዋጅ፣ አዲስ ኮሚሽን፣ አዲስ በጀት አይደለም።

1. ማንኛውም የመንግሥት የፍለጋ ገጽ ከሳጥኑ ሥር ሦስት ቁጥሮች ያስቀምጥ፦ ስንት መዝገብ ተላከ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ተመለሰ። መጨረሻ የተጫነበት ቀንም ይጻፍ።

2. የተመለሱ መስመሮች ከነምክንያታቸው ይቀመጡ፤ ተስተካክለው እስኪገቡ ድረስ ኃላፊነቱን የወሰደ ሰው ስም ይኑር። አስረካቢና ተረካቢ ይፈርሙ። ይህ ነው የዳታ ሞዴል 19።

3. ቁጥሩ ከጭነት በኋላም ከዳታቤዙ ውስጥ ይቆጠር። ተመላሽ ዜሮ ሆኖ ሰው ሊጠፋ እንደሚችል በስሙ ምሳሌ አይተናል።

4. መለያ ቁጥርና ስልክ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ሒሳብ ቁጥር አይያዝ። ቀን የተጻፈበት ዓምድ ሁሉ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይነገር፤ ቢቻል ሁለቱም ይቀመጡ።

5. ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠሩ። አጻጻፋችን ላይ የሊቃውንት ክርክር መቼም አያልቅም፤ ባለጉዳዩ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ሊጠብቅ አይችልም።

6. «አልተገኘም» የሚለው መልስ ብቻውን አይሰጥ። «እስከዚህ ቀን ድረስ ከተጫኑት ይህን ያህል መዝገቦች ውስጥ በዚህ አጻጻፍ አልተገኘም፤ ቅሬታ ካለዎት እዚህ ያመልክቱ» ይባል። ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ እውነቱ ይኸው ስለሆነ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኞችም አንድ ቃል አለኝ። ፖርታል ሲመረቅ ሄደን «ሥራውን ያቀላጥፋል ተባለ» ብለን ዜና እንሠራለን። ከዛሬ ጀምሮ ማይኩን ስንዘረጋ ሌላ ጥያቄ እንጠይቅ፤ «ክቡር ሆይ፣ ከፋይሉ ስንት መስመር ወደቀ?» መልሱ «ምንም አልወደቀም» ከሆነ ቀጥለን «ማን ቆጠረው?» እንበል። ያኔ መድረኩ ላይ የሚፈጠረው ጸጥታ ራሱ ዜና ነው።

እናንተም አንባቢዎች ስማችሁን በአንድ መንግሥታዊ ገጽ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። በሌላ ፊደል ጻፉት። ፊት ያሉትን ዜሮዎች አውጥታችሁ ሞክሩ። የተወለዳችሁበትን ወይም የተዋዋላችሁበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አስገቡ። ካገኛችሁት ስክሪኑን ፎቶ አንሱና ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አቤት በሉ፤ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን መፈለግ አቁሞ ወደ ቤቱ ለተመለሰው ሰው ስትሉ። ካላገኛችሁት ደግሞ «የለህም» የሚለውን ከመቀበላችሁ በፊት ስንት ተልኮ ስንት እንደገባ ጠይቁ። ቁጥሩን መንገር ካልቻሉ «የለህም» ለማለትም ማስረጃ የላቸውም።

ቸር እንሰንብት።